ባንድ ሲሸመግል ኮንሰርቱ ምን ይሆናል?

ይህን የምጽፈው ለረጅም ዓመታት አብረው ለተጫወቱ ሙዚቀኞች ነው። በተለይ አርባን ተሻግረው አሁንም ጊታር ትከሻቸው ላይ ለሚያንጠለጥሉት። ሐዋሳ ውስጥ ሮክ የሚጫወት ባንድ አለን። ሰው ሲሰማ ፈገግ ይላል። «የሐይቅና የአሳ ከተማ ከሮክ ጋር ምን አገናኛት?» የሚለንም አይጠፋም። እኛ ግን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። እንጀራችንን የምንበላው በሰርግና በሆቴል ሥራ ነው። ከዚያ በሚተርፈን ጊዜ የራሳችንን የሮክ ምሽት እናዘጋጃለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ልንበተን ጫፍ ደርሰን ነበር። ያን ያመጣው ዕድሜ ነው። ድምፅ፣ ጆሮ፣ ወገብ ተራ በተራ ከዱን። እንዴት እንደተረፍን ልንገራችሁ። እኛ የሄድንበትን ዙሪያ ጥምጥም ታሳጥሩበት ይሆናል።

ስንጀምር ከተማዋ ትንሽ ነበረች። ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምንለው፣ ያኔ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው። ተማሪው ከየአቅጣጫው መጣ። ሲመጣ ካሴቱንም ይዞ መጣ። ዲፕ ፐርፕልን፣ ኤሲዲሲን፣ ሜታሊካን የመሳሰሉትን የውጭ ሮክ ባንዶች በደንብ የሰማነው ከእነዚያ ካሴቶች ነው። ኖታ የሚያነብ ከመካከላችን አልነበረም። ቴፑን እናስነሳለን፣ እንሰማለን፣ እናቆማለን፣ እንሞክራለን። ጊታራችንንም የምንቃኘው በቴፑ ነበር።

ታዲያ ያ ቴፕ ይፈጥን ኖሯል። ካሴት ማጫወቻ ሲፈጥን ዘፈኑ መፍጠን ብቻ ሳይሆን ድምፁም ቀጥኖ ከፍ ይላል። ይህን ያወቅነው ከዓመታት በኋላ፣ መቃኛ መሣሪያ ገዝተን ከሲዲ ጋር ስናስተያይ ነው። ሁሉንም ዘፈን ግማሽ ቶን ያህል (ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ቁልፍ ማለት ነው) ከፍ አድርገን ስንጫወት ነው የኖርነው። ምስኪኑ ድምፃዊያችን የዲፕ ፐርፕሉ ድምፃዊ፣ እንግሊዛዊው ኢያን ጊላን ራሱ ከሚጮኸው በላይ ሲጮህ ከርሟል። ሃያ ዓመት ሲሆናችሁ ግን ይህ አይታወቃችሁም። ጉሮሮ ሁሉን ይችላል።

የዚያን ጊዜ ኮንሰርታችን አጭርና ፈጣን ነበር። አዳራሹ ይታፈናል፣ ሰው ቆሞ ይዘላል፣ እኛም እንዘላለን። ሞኒተር የሚባል ነገር አልነበረንም። ሞኒተር ማለት ወደ ሙዚቀኛው ዞሮ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር ነው። ያለን ሁለት ሞንታርቦ ነበር፤ ሁለቱም ወደ ሕዝቡ ይዞራሉ። ማን ምን እንደሚጫወት አንሰማም። በኋላ ሳነብ ቢትልስም እንዲሁ እንደነበሩ አወቅኩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት የተጫወቱት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከጩኸቱ የተነሳ ራሳቸውን አይሰሙም ነበር። በዓመቱ፣ በ1966፣ ለኮንሰርት መዞሩን እስከነአካቴው ተዉት። በ1970ዎቹ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ሲሻሻል የሮክ ኮንሰርት ረዘመ። ዲፕ ፐርፕል በ1972 ጃፓን ላይ ከቀረጹት አንዱ ዘፈን ብቻውን ወደ ሃያ ደቂቃ ይጠጋል።

እኛም ያን መንገድ ተከትለናል። መሣሪያ ስናሟላ ዘፈኑም አብሮ ረዘመ። ሊድ ጊታሪስቱ ሶሎ ይጀምራል፣ መቼ እንደሚጨርስ እሱም አያውቅም። ድራመሩም ተራዬ ይላል። ሰዉ ይወደው ነበር፤ ቢያንስ የወደደ ይመስለን ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምረን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እናበቃለን። በነጋታው ሰርግ ካለ ሳንተኛ እንሄዳለን።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ስለ ሐሜት ነው። በእኛ ላይ ግን በቁሙ ደረሰ። መድረክ ላይ ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ጊታሪስቱ ራሱን አልሰማም ብሎ አምፕሊፋየሩን ይጨምራል። ድራመሩ ተዋጥኩ ብሎ ጠንክሮ ይመታል። ቤዙ ይከተላል። ድምፃዊው መሃል ላይ ይቀርና ይጮሃል። በየዘፈኑ አንድ አንድ ደረጃ እየጨመርን መጨረሻ ላይ ማንም ማንንም አይሰማም። ቤት ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ነበር። በነጋታው ይተወኛል። አንድ ቀን ግን አልተወኝም። እስከ ዛሬም አለ፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ይብሳል።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ያስረዳኝን ላካፍላችሁ። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። አንዴ ከሞቱ አይተኩም። 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ያህል መቋቋም ይቻላል ተብሎ ይሠራበታል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲደርስ አራት ሰዓት፣ 100 ሲደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀድላችሁ። የሮክ መድረክ ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። እኛ በዚያ ውስጥ በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት እንቆም ነበር። ስልካችሁ ላይ ዴሲቤል የሚለካ መተግበሪያ ጫኑ። ከትክክለኛ መለኪያ ጋር እኩል ባይሆንም ያስደነግጣችኋል፤ መደንገጥ ደግሞ ያስፈልጋል።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣና ኮሮና ሁሉን ዘጋ። ሰርጉም ቀረ፣ ሆቴሉም ባዶ ሆነ። እኔ በጎን ሱቅ ውስጥ ሠራሁ፣ ድራመሩ ባጃጅ ያዘ። ድምፃዊያችን ቤቱ ተቀመጠ። ያ ዕረፍት ለጉሮሮው ጥሩ ነው ብለን አስበን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። ድምፅ ጡንቻ ነው። በተለይ ከአርባ አምስት በኋላ ካልሠራ ይላላል፣ ከላላ ደግሞ እንደ ልጅነት ቶሎ አይመለስም። ጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ከዕድሜ ጋር የመለጠጥ አቅማቸው ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚሄደው ላይኛው ድምፅ ነው፤ ያውም ጮክ ተብሎ የሚዘፈነው።

እንደገና የጀመርነው በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ነበር። የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል፤ በ19 ዋዜማ ከተማዋ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፣ ሆቴል ሁሉ ባንድ ይፈልጋል። ከዋዜማው በፊት የነበረውን ሌሊት ሌላ ቦታ ሠርተን አደርን። ልምምድ አልነበረም። የድሮውን የዘፈን ዝርዝር አወጣን፣ በድሮው ኪይ፣ ማለትም በድሮው የድምፅ ከፍታ፣ ጀመርን። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ አዝማቹ ሲደርስ፣ ድምፁ እምቢ አለ። ተሰነጠቀ። ሰዉ ደግ ነው፤ አብሮ ዘፍኖ አሻገረው። እሱም ፈገግ ብሎ ማይኩን ወደ ሰዉ አዞረ። መጨረሻ ላይ ግን ከመድረክ ወርዶ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሄደ። በሚቀጥለው ልምምድም አልመጣም። ስልክ ብንደውል «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለን።

ፈለግንም። አንድ ጎበዝ ወጣት አገኘን። እያንዳንዱን ከፍታ በትክክል ይመታል። ሁለት ምሽት ከእኛ ጋር ዘፈነ። ቋሚ ደንበኞቻችን በጨዋነት አጨበጨቡ፤ ያ ጭብጨባ ምን ማለት እንደሆነ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከተማሪነታቸው ጀምሮ የሚከታተሉን አንድ ሰው ዕረፍት ላይ ጠሩኝና «ልጁ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይባርከው። እኔ ግን የመጣሁት ሰውዬውን ለማየት ነበር። እኔስ ብሆን ድሮ እንደምዘለው እዘላለሁ እንዴ?» አሉኝ።

ይህን ለባንዱ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ትልልቆቹ የሮክ ባንዶች እንዴት እንደሚያረጁ ማየት የጀመርነው። ወጣትነታቸውን የሚያሳየውን ቪዲዮ ሳይሆን የቅርብ ጊዜውን። አንድ ዘፈን በሃያ በሠላሳ ዓመት ልዩነት ሲጫወቱት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙ። ከማንኛውም ትምህርት ቤት ይበልጣል።

ሜታሊካ (የውጭ ባንዶቹን ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው) ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መድረክ ላይ ጊታሩን ግማሽ ቶን ዝቅ አድርገው ይቃኙታል። አልበሙ ላይ ያለው ከፍታ ሌላ ነው። ስንቱ ሰው ልብ ብሎታል? ኢያን ጊላን በ1970 የወጣውን፣ ጩኸቱ ጣሪያ የሚነካውን «ቻይልድ ኢን ታይም» ከ2000ዎቹ መጀመሪያ በኋላ መድረክ ላይ መዝፈኑን ተወ። ባንዱ ግን አልቆመም። በ1962 የተመሠረተው ሮሊንግ ስቶንስ መሃል ላይ ኪት ሪቻርድስን ሁለት ሦስት ዘፈን ያዘፍነዋል። በዚያ መሃል ሚክ ጃገር ከመድረክ ወርዶ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሰዉ የኪት ፍቅር ነው ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን የሳንባም ጉዳይ ነው። የ2024ቱን የአሜሪካ ጉዟቸውን ስፖንሰር ያደረገው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚሠራ ማኅበር ነበር። ጃገር ጉዞው ሲያበቃ 81ን ሊይዝ ቀናት ቀርተውት ነበር። እኛ በአርባ ስምንታችን «አረጀን» ብለን ልንበተን!

በጣም የገረመኝ ራሽ የሚባለው የካናዳ ባንድ ነው። በ2015 የመጨረሻ ጉዟቸው ላይ ዘፈኖቻቸውን ከአዲሱ ወደ አሮጌው እየቆጠሩ ተጫወቱ። ኮንሰርቱ በገፋ ቁጥር ሠራተኞች መድረኩን እያፈረሱ ዕቃ ያወጣሉ። መጨረሻ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጡ ትናንሽ አምፕሊፋየሮች ብቻ ቀሩ፤ ልክ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ እንደጀመሩት። ዕድሜያቸውን አልደበቁትም፤ ትርኢት አደረጉት። ድራመራቸው ኒል ፐርት ያኔ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ አልተጫወተም፤ በ2020 አረፈ።

አገራችንም ቢሆን ማህሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ ሲሰናበት ከሰማንያ በላይ ነበር። ሰዉ ከፍታ ሊቆጥር አልሄደም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ለድምፃዊያችን ኪይ ማውረድ እንዳለብን ሁላችንም ገባን። ማን ይንገረው? የባንዱ ታላቅ እሱ ነው፤ ኩሩ ነው። ቀጥታ ብንለው «ጨረስክ» ያልነው ይመስለዋል። ያዳነን ሳክስፎኒስቱ ነው። ቤቱ ሄደን ቡና ቀረበ። ሳክሱ ድንገት አማረረ። «ስንት ዓመት ሙሉ በኢ እየተጫወታችሁ አሰቃያችሁኝ። አልቶ ሳክስ ላይ ኢ ማለት ለእኔ ለጣት የሚከብደው ሲ ሻርፕ ነው። ግማሽ ቶን ብታወርዱልኝ ኢ ፍላት ይሆናል፣ ለእኔ ደግሞ ንጹሕ ሲ ይሆናል። ከእንግዲህ ጣቴም አርጅቷል። ለእኔ ስትሉ አውርዱልኝ» አለ። ሲናገር ፊቱ አልተለወጠም። ድምፃዊያችን ሲኒውን አስቀምጦ «ለአንተ ከሆነማ ምን ችግር አለ» አለ። በዚያው ሳምንት ልምምድ መጣ። የገባው ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ግን ማንም አላነሳውም።

ኪይ ስለማውረድ የተማርነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነውና። ግማሽ ቶን ካወረዳችሁ ያላችሁ የጊታር ክር ይበቃል። አንድ ሙሉ ቶን ካወረዳችሁ ግን ክሩ ይላላል፣ ፍሬቱ (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው ብረት) ላይ ይንጫጫል። ወፈር ያለ ክር ግዙ። ከ10 ቁጥር ክር ወደ 11 ቁጥር መሄድ ለእኛ በቂ ነበር። ጊታሩን ሳትቃኙ አኮርዱን ብቻ ማዛወር ይቻላል፤ የሮክ ዘፈን ግን ብዙ ጊዜ ክፍት ክር ላይ ነው የተሠራው። ስታዛውሩት ያ ግርማው ይጠፋል። ስለዚህ ክሩን አላሉት። ኪቦርድ ላይ ኪይ የሚቀይር ቁልፍ አለ። ቀላል ነው፤ ግን ኪቦርዲስቱ መጫኑን ከረሳ መግቢያው ላይ ጉድ ነው። አንዴ ሆኖብናል፤ ሰዉ አዲስ ስታይል መስሎት አጨበጨበ። እንዲሁም ላይኛውን ከፍታ ብቻ አትዩ። ዘፈኑ ሲወርድ ታችኛው ድምፅ አብሮ ይወርዳል። ብዙ ካወረዳችሁ አዝማቹ ይመችና መነሻው ከሞንታርቦ አይወጣም። የዘፈኑን ከሁሉ ዝቅተኛ ቦታ ድምፃዊው በምቾት ሲዘፍነው ስሙ፣ ከዚያ ወስኑ። ከየዘፈኑ ጎንም አዲሱን ኪይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። መድረክ ላይ ክርክር አያምርም።

ቀጥሎ የዘፈኑን ቅደም ተከተል ለወጥን። ድሮ በከባዱ ጀምረን በከባዱ እንጨርስ ነበር። አሁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች መካከለኛ ናቸው። ከባዶቹ ድምፁ ሲሞቅ፣ ገና ሳይደክም፣ አራተኛና አምስተኛ ላይ ይመጣሉ። ከዚያ ቤዚስታችን ሁለት የአማርኛ ዘፈን ያወጣል። ድምፁ ተራ ነው፤ እሱም ያውቃል፤ ሰዉ ግን ወዶታል። በዚያ መሃል ድምፃዊያችን ውኃ ጠጥቶ ይቀመጣል። ድምፃዊ ለሆናችሁ ደግሞ ከሐኪሙ የሰማነው አንድ ነገር አለ። ድምፃችሁ ሲዘጋ አታንሾካሹኩ። ማንሾካሾክ ጉሮሮ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አውታሩን ያስጨንቃል። ወይ በዝግታ በተፈጥሮ ድምፃችሁ ተናገሩ፣ ወይ ዝም በሉ። ከኮንሰርት በፊት ባለው ሌሊት ሰርግ አትሥሩ። ገንዘቡ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ።

ሰዉ ሁሌ የሚጮህለት አንድ ዘፈን ነበረን። በየትኛውም ኪይ አልሆነም። ጣልነው። ግን ሰዉ አልተወንም፤ ከታች ስሙን እየጠራ ይጮሃል። አሁን የዘፈኑን ጩኸት ሳክሱ ይጫወተዋል፣ ግጥሙን ሰዉ ይዘፍናል። ድሮ ከነበረው አሁን ያለው ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ። ድራመሩ ግን አይስማማም።

ስለ ጆሮ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ የጊታር አምፕሊፋየሮችን ከኋላችን አንስተን ወንበር ላይ አዘንብለን ወደ ጆሯችን አዞርናቸው። ድሮ እግራችንን ነበር የሚያደነቁሩት። አሁን በግማሽ ድምፅ ጥርት ብለን እንሰማለን። ሁለተኛው የጆሮ ውታፍ ነው። ስፖንጁ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፣ ሁሉ ነገር በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራው ሁሉንም እኩል ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡ። እስኪመጣ ስፖንጁን አድርጉ። የኤሲዲሲ ድምፃዊ ብራያን ጆንሰን በ2016 ሐኪሞች «ካላቆምክ ፈጽሞ ትደነቁራለህ» ብለውት ጉዞውን አቋርጧል። ከባንዱ ጋር ወደ መድረክ የተመለሰው በ2023 ነው፤ ያውም ለእሱ ተብሎ በተዘጋጀ የጆሮ መሣሪያ ታግዞ። እንዲህ ያለ ዕድል እኔና እናንተ አናገኝም።

በዚህ መሃል ሊድ ጊታሪስታችን ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። ሃያ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው ነው። እሱን የተካው የድራመሩ የእህት ልጅ ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ኤሲዲሲ ማልኮም ያንግ ሲታመም የወንድሙን ልጅ አስገብተዋል። ፊል ኮሊንስ ከጄኔሲስ ጋር በ2022 ሲሰናበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከኋላው ድራም የሚመታው ልጁ ነበር።

ወጣት ስታስገቡ የሚገጥማችሁ ችግር ግን ፈረንጆቹ ጋር ያለ አይመስለኝም። ልጁ እኛን «ጋሼ» ይላል። ለወራት ዝም ብሎ ይጫወታል። አንድ ቀን ለአጎቱ ቤት ውስጥ «ጋሼ እገሌ ሁሌ ይቸኩላል፣ ግን እንዴት ልበለው» አለው። ጋሼ እገሌ እኔ ነኝ። ጆሮዬ ሲደክም ሪትሙ ይሸሸኝ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። ልምምድ ቤት ውስጥ ጋሼ የለም። ስሜን ሲጠራ መጀመሪያ ላይ ላብ ያጠምቀው ነበር። አሁን ለምዷል፤ እንዲያውም አብዝቶታል።

ልጁ ፕሌይባክ እንጠቀም ብሎ ሐሳብ አመጣ። የጎደለውን ድምፅ ከላፕቶፕ እናጫውት ማለቱ ነው። ብዙ ትልልቅ ባንዶች ያደርጉታል፤ አልነቅፍም። እዚህ ግን መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ላፕቶፑ በባትሪ ብቻውን ይቀጥላል፣ እኛ ዝም እንላለን። መብራቱ ሲመጣ ማን የት እንደደረሰ አይታወቅም። ከአንድ ሙከራ በኋላ ተውነው። ድራመር ያለው ባንድ መብራት ቢሄድም ዘፈኑን አያቋርጥም።

ታዳሚውም ተለውጧል፤ ይህን ለመቀበል ከሁሉ በላይ ጊዜ ወሰደብን። ያኔ የዘለለው ተማሪ ዛሬ ልጅ አሳዳሪ ነው። በነጋታው ሥራ አለው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አይቆይም። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምረን ሦስት ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ወንበር አለ። ሕፃናት ይመጣሉ። መጀመሪያ ላይ የሆቴሉ ባለቤት «ሰው ቶሎ ይሄድብኛል፣ መጠጥ አይሸጥም» ብለው ተቆጡ። እውነትም ቢራው ቀነሰ። እራት ግን ጨመረ፤ ቤተሰብ አሳ ጉላሽ ያዛል፣ ለልጆቹ ጥብስ ያዛል። ከቁርጥ ክፍያ ይልቅ ከመግቢያው ድርሻ እንድናገኝ ተስማማን። ለእኛም ለእሳቸውም ተሻለ።

ወጣቱን አጣነው ብለን ስናዝን ደግሞ እሱም በሌላ በር መጣ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ካወጣ በኋላ ሮክ በአማርኛ ሲዘፈን የሚገርመው ሰው ቀንሷል። ከአባቶቻቸው ጋር የሚመጡ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ልጆች አሉን። ከፊት ቆመው በስልክ ይቀርጻሉ። ድራመሩ ይናደዳል። እኔ ግድ የለኝም፤ የሚቀርጹትን በኋላ አግኝቼ የት እንደቸኮልኩ እሰማበታለሁ።

ሌላም ሊዘለል የማይገባ ነገር አለ። የባንዱ ስም የማን ነው? ሰው ሲወጣና ሲገባ ይህ ጥያቄ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የወጣ ሰው በስሙ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም? ሞንታርቦውና ሚክሰሩ የማን ናቸው? አንድ የማውቀው ባንድ በዚህ የተነሳ ሽማግሌ ጨርሶ አላስታረቀውም። እኛ አንድ ገጽ ጽፈን ሁላችንም ፈርመናል። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይኖር እንዲህ ያለውን ወሬ የምናወራው፣ አዲስ ዘፈን የምንለማመደውም ያኔ ነው። የጾምን ጊዜ በቁጭት አታሳልፉት። ሐኪም ጋ መሄጃም ነው።

የሚቀጥለው ምሽታችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ሳክስፎኒስቱ ሌላ ግማሽ ቶን ለማውረድ እንደገና ማማረር ጀምሯል። በዚህኛው ግን ሰበቡ አያስኬደውም። ዲ ለአልቶ ሳክስ ከኢ ፍላት እንደሚከብድ ድምፃዊያችን ከአዲሱ ጊታሪስታችን ጠይቆ አውቋል። ለጊዜው ሁለቱ እየተያዩ ይስቃሉ። ልምምድ ላይ ሁለቱንም ሞክረን የሚሻለውን እንይዛለን።